ክፍል ሁለትን ሳያይ ለሄደው አባዬ

አባዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ ካለህበት ሆነህ አንተ ብትጠይቀን ይሻላል። እኛ ደህና ነን። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዘንድሮም የእንጦጦ ጉም በጠዋት እስከ ግቢያችን ወርዶ ልብስ የሚሰጣበትን ገመድ ይሸፍነዋል፤ እማዬም እንደ ልማዷ «ይሄ ጉም ልብስ ያጥባል እንጂ አያደርቅም» እያለች ትነጫነጫለች።

አንባቢዎቼ ይቅር ይበሉኝና ዛሬ በዚህ ገጽ የማን ሠርግ እንዴት እንዳማረ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ አላወራም። ገጹ ያንተ ነው። ወሬ አትወድም ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። መጽሔቱ ሲወጣ መጀመሪያ የምትገልጠው የእኔን ገጽ ነበር፤ ከዚያ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ከሰው ታጣላናለች» እያልክ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ለእማዬ ታነብላታለህ።

እስቲ የቤቱን ልንገርህ። የኮክ ዛፉ አፍርቷል፤ ወፎቹ ግን ቀድመውናል። እማዬ አንተ ትተኛበት በነበረው የአልጋው በኩል አትተኛም፤ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ትደረድርበታለች። ወሰን ሰፈር ያለውን ጋራዥህን የተከራየው ሰውዬ ስምህን ከታፔላው ላይ አላነሳም፤ «ደንበኛው የሚመጣው በሳቸው ስም ነው» ይላል። ባለሱቁ ከድር ሱቁን አስፍቶ ፍሪጅ አስገብቷል፤ አሁን ቀዝቃዛ ውኃ ይሸጣል፣ በዚህ ብርድ ማን እንደሚገዛው እሱ ነው የሚያውቀው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አፋቸው ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፍጹም ጤነኛ ነው። አንተ በገዛ እጅህ በይደህ የሠራኸው የግቢው ላሜራ በር ቀለሙ ተላልጧል። ሲከፈትም ሲዘጋም እንደ ድሮው ይጮኻል።

ዋናውን ወሬ እስካሁን ይዤው ነበር። አባዬ፣ ክፍል ሁለት ወጣ!

አንተ ታሪኩን ታውቀዋለህ፤ ዛሬ ግን ብዙ ሰው ከትከሻህ በላይ እያጮለቀ ስለሚያነብ ከሥሩ ልጀምር። የሰፈራችን ልጅ ቢኒ፣ ያ በልጅነቱ የሰውን ድመት ሁሉ በሞባይል ሲቀርጽ የኖረው፣ አድጎ ዳይሬክተር ሆነና «ሕግ የተኛ ለት» የሚል ፊልም ሠራ። እሱ የፈጠራት አዲስ አበባ ወደፊት የምትመጣ ናት። ዘበኛዋም፣ ፖሊሷም፣ ዳኛዋም ማሽን ነው፤ ሰው ሰውን መጠበቅ ትቷል። አንድ ምሽት ማሽኑ ሁሉ ባንዴ ቀጥ ይላል። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ እስኪነጋ ድረስ ሕግ የለም። (ይህን ሲነግርህ «መብራት ስለጠፋማ ከሆነ እኛ እስካሁን እንዴት ሳናብድ ቀረን?» ብለኸው ነበር።) የማዳበሪያ ጆንያ ፊታቸው ላይ ያጠለቁ ሰዎች መጥረቢያ ይዘው ይወጣሉ። ሶስና የምትባለዋ ተዋናይ ቢጫ ጃኬት ለብሳ፣ እነሱ እያሳደዷት፣ በየደጁ እየሮጠች ታንኳኳለች። ማንም አይከፍትላትም። በመጨረሻ የኛን ላሜራ በር ትደበድባለች። በበሩ ቀዳዳ ያንተ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል፤ «አልከፍትም! ወደመጣሽበት ሂጂ!» ትላታለህ። እሷም ወደ እንጦጦ ባህር ዛፍ ትሮጣለች። ክፍል አንድ እዚያ ላይ ያልቃል።

ቢኒ «ጋሼ፣ ፊትዎ ለካሜራ የተሠራ ነው» ብሎ አባብሎህ ዓይንህን ብቻ አሳየ ብለን ስንት ስቀናል!

የቀረጻውን ቀን ትዝ ይልሃል? ካሜራው ከውጭ፣ ከሶስና ጀርባ ቆሟል፤ አንተ ከውስጥ። ያቺ ልጅ ደግሞ ለክፉ አይስጣት፣ ስትጮህ እውነቷን ነው የምትጮኸው። «ኡኡ! የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!» ስትል በሩ ቋ ብሎ ተከፈተ። ቢኒ «ከት!» አለ። «ጋሼ፣ አይክፈቱ እኮ ነው ያልነው!» ይቅርታ ጠይቀህ ገባህ። እንደገና ጮኸች፣ እንደገና ከፈትክ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ቢኒ ሊያለቅስ ደርሶ «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» ሲልህ እጅህን እንደ ሌላ ሰው እጅ ገልብጠህ እያየህ «እኔ አይደለሁም ልጄ፣ እሱ ነው» አልከው። በመጨረሻ መቀርቀሪያውን በሽቦ ጠፍረው አሰሩት። በፊልሙ ላይ ሰው ሁሉ ያየው ጭካኔ ሽቦ ነበር፣ አባዬ። ይህን የምናውቀው ግን እኛ ብቻ ነበርን።

ሰፈሩማ ፊልሙን ብቻ ነው ያየው። በማግስቱ ስምህ «ጋሼ አልከፍትም» ሆነ። ሕፃናቱ በራችንን እያንኳኩ «አልከፍትም!» ብለው ይሮጣሉ። መገናኛ የታክሲ ረዳት አውቆህ «ለሳቸው በሩን አትክፈቱ!» ብሎ ታክሲውን ሙሉ አሳቀብህ። አንተም ሰው ፊት ትስቃለህ። ቤት ስትገባ ግን ያ ፊልም በቴሌቪዥን መጣ ከተባለ ተነስተህ የኮክ ዛፍህን ውኃ ልታጠጣ ትወጣ ነበር፣ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን። ቢኒ ነገሩ ገብቶት «በክፍል ሁለት ይከፍታሉ፣ ቃሌ ነው» አለህ። ታመህ ከተኛህ በኋላ ሊጠይቅህ ሲመጣ፣ ስለ ሕመምህ አንድም ነገር ሳታነሳ ያልከውን እኔ ሻይ ይዤ ስገባ ሰማሁት። «ቶሎ አድርሰው የኔ ልጅ። ሰው በሩን እንደዘጋ አይሂድ።»

አልደረሰም።

ለቅሶህ ላይ፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ከሩቅ ሰፈር የመጣ አንድ ለቀስተኛ ጎረቤቱን «የሞተው ያ የማይከፍተው ሰውዬ ነው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀው እማዬ ሰማችው። ነጠላዋን አጣፋች። ያቺ ቃል ግን ካንተ ጋር አልተቀበረችም፤ ከለቅሶው ድንኳን ተከትላን ቤት ገባች። እማዬን የጎዳት ሞትህ ብቻ እንዳልነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ሰው ሲራብ ሲጠማ፣ ሲመሽበት፣ ሲጣላ የሚመጣበትን በር የሠራ ሰው፣ በዘጋው በር ስም ሊታወስ ነው።

ለዚህ ነው ቢኒ ዘንድሮ ክፍል ሁለትን ሊቀርጽ ሲመጣ ልቤ የመታው። «እትዬ፣ ሶስና ከእንጦጦ ተመልሳ ስትወርድ እርስዎ ይክፈቱላት» ብሎ እማዬን ለመናት። እማዬ «እኔ የሱን በር በጨዋታ አልከፍትም። ከውጭ የምታነሱትን አንሱ» አለችው፤ በቃ። ቢኒ ታሪኩን ቀይሮ በሩ ዘንድሮም ተዘግቶ እንዲቀር ወሰነ።

በቀረጻው ዋዜማ የዕድሩ ለፋፊ በየመንደሩ እየዞረ በድምፅ ማጉያ ተናገረ፦ «ነገ ማታ የምትሰሙት ጩኸት የፊልም ነው! ማንም ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ! በራችሁን ዝጉ!» ሰው ሁሉ እሺ አለ። በማግስቱ ልክ እንደጨለመ መብራታችንን ሁሉ አጠፋን። ጉሙ ራሱ የተቀጠረ ይመስል ከባህር ዛፉ መሀል ወረደ። እኔ ከቢኒ ጎን ቆሜያለሁ። ቢጫዋ ጃኬት ከላይ ብቅ አለች፤ ከኋላዋ ጆንያ ፊቶቹ፣ ዓይን የላቸው አፍ የላቸው፣ መጥረቢያቸውን ድንጋይ ለድንጋይ እየጎተቱ። ከጆንያዎቹ አንዱ የእትዬ ዘነበች ልጅ አቤል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ዳቦ በሻይ በልቷል። ቢሆንም ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ያን ጊዜ ሶስና ጮኸች። «ኡኡ! የሰው ያለህ!»

አንደኛው ደጅ ዝም። ሁለተኛው ዝም። ቢኒ ደስ ብሎት ክንዴን ጨበጠኝ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ አንድ መቀርቀሪያ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከታች ሌላ። ከማዶ ሌላ። አባዬ፣ ያን ድምፅ እንዴት አድርጌ ልጻፍልህ! ተራራው ሥር ያለው ሰፈር ሁሉ፣ በር በበር ላይ፣ ብረት በብረት ላይ እየተከፈተ ወደ እኛ ሲመጣ። ከድር የሱቁን መዝጊያ ብረት ይዞ ወጣ። አዛውንቱ በምርኩዝ፣ ሴቶቹ በመጥረጊያ። እትዬ ዘነበች ያን የታመመ ጉልበት የት እንደጣሉት እንጃ፣ ዘነዘና ተሸክመው ደርሰው ፊት ለፊት ያገኙትን ጆንያ አናቱ ላይ አሳረፉበት።

«እማ! እኔ ነኝ! አቤል ነኝ!»

«ብትሆንስ! ሴት ልጅ እያሳደድክ ነው አቤል የምትለኝ?»

እብጠቱ እስከ ሳምንት አልጎደለም።

ቢኒ መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ። «ትናንት ተነግሯችሁ አልነበረም እንዴ?» ከድር ብረቱን ትከሻው ላይ አድርጎ «ተነግሮናል» አለ። «ፊልም እንደሆነም እናውቃለን። ታዲያ የሰው ያለህ እያለች ቁጭ ልንል ነው?» ሌሎቹም «እኮ!» አሉ፣ ቢኒ ያጠፋ ይመስል። እኔ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ስማቸውን፣ ሐሜታቸውን፣ አንዳንዴም ብድራቸውን ሳይቀር የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። ስንት ዓመት በዚህ ገጽ ስቀልድባቸው ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ምሽት ግን ግዙፍ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ሳያውቁ ቢወጡ ተሞኙ እል ነበር። እያወቁ ነው የወጡት።

ከመንደሩ ያልተከፈተው የኛ በር ብቻ ነበር። በትንሿ የጓሮ መግቢያ ዞሬ ገባሁ። እማዬ ከላሜራው በር ጀርባ፣ በጨለማው ቆማለች። እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነው። «እማዬ፣ ምነው?» ስላት ዞር ሳትል «የሱ ነው» አለችኝ። «እሱ ይክፈተው ብዬ ነው።»

ይህን ለቢኒ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን እስኪጨርስ ደብዛው ጠፋ።

ፊልሙ አልቆ ለሰፈሩ የታየው የት እንደሆነ ብነግርህ! ቢኒ አዳራሽ አጥቶ የዕድሩን ድንኳን ተዋሰ። ለቅሶህን የተቀመጥንበትን ድንኳን፣ ከነአግዳሚ ወንበሩ። ፊልሙ የሚታይበት ነጭ አቡጀዴ ተወጠረ፣ ሰዉ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። እማዬ ፊት ለፊት። ሶስና ከጫካው ወረደች፣ ጆንያዎቹ ተከተሏት፣ በየደጁ ዝምታ፣ ከዚያ የኛ በር። ስትደበድበው እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ጎንበስ አልኩ።

በሩ ጮኸ።

ሳላይ አወቅሁት። ማን እንደመጣ እሰማበታለሁ ብለህ ማጠፊያውን ዘይት አላስነካ ያልክበት ያ ድምፅ ነው። ቀና ስል አቡጀዴው ላይ በመጀመሪያ ያንተ እጅ ነበረ፣ የጋራዥ ጥቁረት ከጥፍሩ ያልለቀቀው። ከዚያ አንተ፣ ሙሉ ሰው፣ ከድንኳኑ ምሰሶ የምትበልጥ። ቢኒ ያኔ «ከት!» ያለብህን፣ ተበላሸ ያልነውን ቀረጻ አልጣለውም ኖሯል። ሶስናን በክንዷ ይዘህ ወደ ውስጥ እየሳብክ «ግቢ! ግቢ ልጄ!» አልክ። ይህን እንዳልክ እንኳ ረስቼው ነበር። በሩን ገና ሳትዘጋው ካንተ ቀጥሎ የሰፈሩ በሮች መከፈት ጀመሩ፦ ከድር ከነብረቱ፣ እትዬ ዘነበች ከነዘነዘናቸው፣ ሁሉም። አንተ ቀድመህ ከፍተህ እነሱ የተከተሉህ ሆነ። እውነቱም ያው ነው መሰለኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጨበጨበም። ሰዉ አንድ በአንድ ብድግ አለ፤ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚደረገው። እማዬ ብቻ ተቀምጣ ቀረች። ነጠላዋን ከፊቷ አንስታ፣ ዓይኗን ካንተ ሳትነቅል፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል «በዚህ ብርድ ጋቢ እንኳ ሳይደርብ!» አለች።

አሁን ሕፃናቱ በራችንን ሲያንኳኩ የሚጮኹት «ግቢ ልጄ!» ብለው ነው። ባለፈው መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ ረዳቱ ተሳፋሪ ሲጠራ «ግቢ ግቢ ልጄ! ወሰን፣ ወሰን!» ይላል። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁትም። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ እስክወርድ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር።

እማዬ ለመስቀል በሩን ቀለም እንቀባው ብላለች። እንቀባዋለን፤ ማጠፊያውን ግን፣ ይሄን ቃል እገባልሃለሁ፣ ዘይት አይነካውም። እኔ እስካለሁ ድረስ በድምፁ እየተጠራህ ትኖራለህ። ማታ ማታ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ። እዘጋውና መቀርቀሪያው ላይ እጄን ለጥቂት ጊዜ አቆየዋለሁ። ውጭ ዝም ካለ እገባለሁ።

ልጅህ