ግራጫው ኮቴ ወደ መስቀያው ይመለስ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ቻለ? የእማዬስ ዓይን እንዴት ነው? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጊላታለሽ? እኔ አለሁ። «አለሁ» የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ በትክክል አለሁ።

ከጭንቅላቴ የወጣው እጢ ተመልሶ መምጣቱን ስነግርሽ ስልክ ላይ ያለቀስሽውን አልረሳሁም። ባልሽ ደግሞ ግራጫውን ኮቴን ለብሶ መስታወት ፊት እንደቆመ ልጅሽ ነግራኛለች። ሰው ሳይሞት ውርስ!

የምሞክረው ሕክምና እንዲህ ነው። ሁለት ዓይነት በሽታ ተከላካይ ሴሎች አንድ ላይ ይሰጡኛል። አንዱ ከራሴ ደም ተወስዶ እጢውን ለይቶ እንዲያጠቃ የተሰናዳ ነው፤ ሌላው ከማላውቀው ለጋሽ የመጣ። ለየብቻ ሲሞከሩ እጢው አምልጧቸዋል፤ ተጋግዘው ይይዙት እንደሆነ ገና ማንም አያውቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ቀላል ነው፤ ማሰሩን ግን መለካት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ዙር ወስጃለሁ።

ሰኞ ዕለት ሁለተኛውን ልወስድ ስል ነርሷ አእምሮዬን ፈተነች። ቀኑን ስትጠይቀኝ «ሰኞ» አልኳት። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየች፤ «ማክሰኞ» ይላል፤ «ተሳስቷል» ብላ ጻፈች። ለካ ከሦስት ቀን ተረኛነት በኋላ ቀኑ የጠፋባት እሷ ኖራለች! ሐኪሟም ወረቀቱን ብቻ አንብባ «ግራ ተጋብቷል፣ ይቆይ» አለች። ሠላሳ ዓመት መሬት ስለካ የኖርኩ ሰው ሰኞና ማክሰኞ ይምታታብኛል? «የታመመው ግድግዳችሁ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሲጣራ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ከቀን መቁጠሪያው ሁለት ቅጠል በአንዴ ገንጥላለች።

ሐኪሟ እየሳቀች ወረቀቱን ልታርም ስትል «ዝም ማለት ነበረብህ» ትይኝ ይሆናል። አልቻልኩም። «ካረማችሁ አይቀር ይህንንም ጻፉ፤ ዛሬ ጠዋት ግራ እጄ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው» አልኩ። ነርሷ «ኧረ ጋሼ፣ ማን ጠየቀዎት!» አለችኝ። እኔ ከደበቅኩ ከእኔ በኋላ የሚመጣው በሽተኛ በውሸት ቁጥር ሊታከም አይደል? ስለዚህ የእጄ ድክመት ከእጢው ይሁን ከመድኃኒቱ እስኪለይ ሁለተኛው ዙር ለአንድ ሳምንት ተገፋ። እጄ ከባሰበት ከሙከራው ያስወጡኛል። ያስወጡኝ! ዋሽቼ ከምቆይ እውነቱን ተናግሬ ልውጣ።

ግን ገና አልወጣሁም። «በቃህ፣ ወደ ቤትህ ና» የሚለውን ምክርሽንም አልቀበልም። በየማለዳው ሸሚዜን ለብሼ ከቁልፎቹ ጋር እታገላለሁ፤ ማክሰኞ ከሰባቱ ሁለቱን፣ ትናንት አራቱን በግራ እጄ ቆልፌአለሁ።

የእማዬን ግንባር ሳሚልኝ። ልጅሽን ስለ ወሬዋ አመስግኚልኝ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ፤ ትከሻው እንደማይሞላው ግን ንገሪው፤ ኮቴን ወደ መስቀያው ይመልስ። ኮቱ ሦስት ቁልፍ አለው። እኔው እቆልፈዋለሁ።

ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ አራተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ዓርብ፣ የካቲት 7 ቀን፤ ራሴ ቆጥሬው