የአጣቢዋ እጆች

የሺዬ፣

ይኸው ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ተዝካርሽን በሚቀጥለው ወር እናወጣለን። የሄግ ማኅበርተኞችሽ ሙርዋይክ ካለው ቤታቸው ይሁን ብለው ነበር፤ እኔ ግን እዚሁ ሰፈራችን ሻርሎይስ፣ ከራሷ ቤት ነው የሚሆነው አልኳቸው። ይጠብባል አሉኝ። ለእኛ ጠቦን አያውቅም።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። የኸሜንተ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሰዎች መጥተው መስኮቶቹን በድርብ መስታወት ቀየሩልን። የትራሙ ጩኸት ቀነሰ፣ ያ አጥንትሽ ድረስ ይገባ የነበረው ብርድም ቀነሰ። አሁን ነው ወይ የሚመጣው ብዬ ተናደድኩ፤ ሠራተኞቹ ምን እንደነካኝ አልገባቸውም። ወንበርሽን ከጠረጴዛው አላነሳሁትም። ጃኬቴን እሰቅልበታለሁ፣ አትቆጪኝ።

መጽሐፋችን ግን፣ ያ የራሽያኛው ልብ ወለድ፣ አላለቀም፤ የምጽፍልሽም ስለሱ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ፣ የልብስ አጣቢዋ ሞት፣ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። የአምስተርዳሙ አሳታሚ ስልክ ደውሎ፣ በትሕትና ነው፣ ከከበደህ ለሌላ ተርጓሚ እንስጠው አለኝ። ሰውየው ክፋት የለውም። ግን ያን ሁሉ እሁድ የፈጀንበትን ሥራ ለሌላ? አልሰጥም ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ተቀምጬ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ።

አሠራራችንን ለማንም ማስረዳት አልሆነልኝም። እኔ ሌኒንግራድ የተማርኩትን ራሽያኛ ይዤ፣ አንቺ አዲስ አበባ ስታስተምሪው የነበረውን እንግሊዝኛ ይዘሽ፣ መሀላችን አማርኛ። እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እነግርሻለሁ፣ አንቺ በእንግሊዝኛ ትጽፊያለሽ። ደራሲው ደግሞ የአንድን ሰው መልክ ሳይጨርስ በር አያስከፍተውም። ታሪኩን አቁሞ የአንዱን ማጅራት፣ የሌላውን የጆሮ ጫፍ ሲያይ ይውላል። እኔ ሽማግሌ ነው፣ ጎበጥ ያለ ብዬ ላልፍ ስል ብዕርሽን ታስቀምጪዋለሽ። ከትከሻው ነው ከወገቡ የጎበጠው? ተነስና አሳየኝ ትዪኛለሽ። አንድ ቀን የመጽሐፉን ጋሪ ነጂ አነካከስ ጠረጴዛውን እየዞርኩ ሳሳይሽ፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት አሮጊት መጋረጃ በሌለው መስኮታችን አዩኝና በማግስቱ እግሩ ተሻለው ወይ ብለው ጠየቁሽ። አንቺም ፈገግ ሳትዪ፣ እሁድ እሁድ ነው የሚያመው አልሻቸው። ሴትዮዋ ዛሬም እሁድ ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚያዩት እግሬን ነው።

ከዚያ ታመምሽ። የባሰብሽ ደግሞ አጣቢዋ ከታመመችበት ምዕራፍ ስንደርስ ሆነ፤ ደራሲው ምሕረት አያውቅም። የአንገቷ አጥንት እንዴት እንደወጣ፣ የጉንጯ ቆዳ እንዴት እንደረገበ፣ አንዱን ሳያስቀር ይጽፈዋል። ሆስፒታል አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ ላሳጥረው አሰብኩ። ገና ከሳች ስል ነቃሽብኝ። አትጨምር፣ አትቀንስ፣ የአንገቷ አጥንት ምን ሆነ አልሽኝ። ነገርኩሽ። እጅሽን ወደ ራስሽ አንገት ልከሽ ዳበስሽው፣ ከዚያ ጻፍሽ። ዛሬ ተነስተህ ማሳየት አያስፈልግህም አልሽኝ። የሺዬ፣ እንደዚያን ቀን ተናድጄብሽ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ነው ያለቀስኩት።

አሁን የቀረው አጣቢዋ ሞታ፣ ታጥባ፣ በቤቷ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመችበት ነው። ማንም አያለቅስላትም። ደራሲው እጆቿን ብቻ ያያል፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። እኔ ደግሞ ያንቺን እጆች በመጨረሻ አላየኋቸውም። ሴትን የሚያጥቡ ሴቶች ናቸው፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ስገባ ተገንዘሽ ነበር። ስለዚህ ራሽያኛውን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው ነጭ አቡጀዲ ብቻ ሆነ። የያንዳንዱን ቃል ትርጉም አውቃለሁ፣ እጁ ግን አልታየኝ አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ስኪዳም ሄድኩ፣ እማማ ለተብርሃን ጋ። ያጠቡሽ እሳቸው ናቸው። አረጋውያን ቤቱ አብራችሁ ከሠራችሁበት ጊዜ ጀምሮ እንደ ልጃቸው የሚያዩሽ ሰው መሆናቸውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ያ የአስመራ ለዛ ያለው አማርኛቸውም እንዳለ ነው። ለመጠየቅ አፈርኩ። ሻዩን ከጨረስን በኋላ፣ እማማ፣ እጇ እንዴት ነበር አልኳቸው። አበደ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ስኒውን አስቀመጡና በራሳቸው እጅ ያሳዩኝ ጀመር። አውራ ጣቶቿን እንዲህ ገጥመን አሰርናቸው ልጄ፣ ሌሎቹ ግን እጥፍ እንዳሉ ቀሩ፣ አልዘረጋ አሉን። ጥፍሮቿ ከሥራቸው ጠቁረው ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መሀል ጣትሽ ላይ፣ ጥፍሩ አጠገብ፣ የብዕር ቀለም እንደነበረ ነገሩኝ። በሳሙና አሽተው አሽተው አልለቅ ሲል፣ ተዉት፣ የሷ ነው ብለው ሌሎቹን ሴቶች አስተዉአቸው። አጥርተው አላጠቧትም እንዳይባሉ ፈርተው እስካሁን ለማንም አልተነፈሱትም። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ቤት እንደገባሁ ካፖርቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። እንደ ልማዳችን ድምፄን አውጥቼ በአማርኛ ነገርኩሽ፣ ከዚያ በዚህ ድኩም እንግሊዝኛዬ ራሴ ጻፍኩት። በሳሙና የተሰነጣጠቁትን ጣቶቿን፣ ውሃ ጠጥቶ የነጣውን መዳፏን፣ ሁሉንም። አንድ ቦታ ላይ እጄ ከዳኝና መሀል ጣቷ ላይ ቀለም ነበረ ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው አማረብኝ። አሳታሚውም አይነቃብኝም ነበር። ግን ያቺ ምስኪን መጻፍ የት ታውቅና? አትጨምር ብለሽኛል። ሰረዝኩት።

ሰኞ ወደ አምስተርዳም እልከዋለሁ። ያልጣመኝ ዓረፍተ ነገር ሞልቶበታል፤ ብትኖሪ ግማሹን ታፈርሺው ነበር። መጽሐፉን የሚገዛ ሰው የአጣቢዋን እጅ ያያል፣ የሷን ብቻ። ያንቺን ለመያዝ እኔ አለሁ፤ የታጠፉትን ጣቶች፣ ሥራቸው የጠቆረውን ጥፍሮች፣ ያን አልለቅ ያለ ቀለም። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ አስባቸዋለሁ።

ባልሽ ታደሰ