ብሬከሩን እንዳትነኪ

እህትዓለም፣

መጀመሪያ ጉራዬን ልንዛ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሁለት ክረምት ሙሉ «ነገ፣ ነገ» ሲልሽ የከረመውን ቴርሞስታት፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ፣ እኔ በአንድ ካቻቢቴ በግማሽ ሰዓት ገጠምኩት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሲያምር!

ግን ገብተሽ እንዳታዪው። ስልክሽ ዝግ ስለሆነ ነው ይህን ወረቀት በሩ ላይ የለጠፍኩልሽ።

ሃያ ሁለት ዲግሪ ላይ ሳደርገው የማሞቂያው ማራገቢያ ተነሳ፤ ከዚያ አልቆምም አለ። ባጠፋውም ይዞራል። ወዲያው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፤ ብሬከሩን አወረድኩት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሳትጠይቂ ወደ ላይ እንደምትገፊው ስለማውቅ በፕላስተር አሽጌዋለሁ። እንዳትልጪው!

ብሬከሩ ከወረደ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። ግድግዳው ግን ሙቀቱ እየባሰበት ነው፤ እጄን አስደግፌ አላስችል ብሎኝ አነሳሁት። ውስጡ የሆነ ነገር ጠሽ ጠሽ ይላል።

አትንኪ ብለሽኝ ነበር። ሰምቻለሁ። አንቺ ግን ሥራ ቦታሽ ይሞቃል፤ እዚህ ካፖርት ለብሼ የማጠናው እኔ ነኝ።

ለማንኛውም... ልብስሽን አላወጣሁትም።

ሠራተኛውን ከሱቁ ጎትቼ ላመጣው ሄጃለሁ። በበሩ ሥር ጭስ ካየሽ አትክፈቺ፤ ጎረቤቶቹን አስጠንቅቀሽ ውረጂና እሳት አደጋ ጥሪ።

ለሠራተኛው ስደውልለት እንኳን ጉራዬን አልተውኩም፤ «አታስብ ጋሼ፣ የድሮዎቹን ሽቦዎች አገጣጠም ፎቶ አንስቼዋለሁ» አልኩት።

«ከመፍታትሽ በፊት ነው ከፈታሽ በኋላ?»

«በኋላ።»

«እሱማ የሬሳ ፎቶ ነው! በይ አሁኑኑ ከቤት ውጪ!»