አሥራ አንደኛዋ መስመር

ባራኦና፣ ቅዳሜ ጁላይ 13 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለኒዩርካ፤

የሳራጎሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እዚህ ስለ ሙቀት አይወራም፣ ይቻላል እንጂ። እኔ ደህና ነኝ። ሞተር ብስክሌቴ ጋራዥ ስለገባች ሰሞኑን በእግሬ ነው የምሄደው፤ ሐኪሙም ለጉልበትህ ደግ ነው ብሎኛል። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል፣ ይህን ደብዳቤ ከወረቀቴ ላይ እያየች የምትተይብልኝ የክርስትና እናትሽ ሌኦካዲያ ናት። ፊደሉ ካማረሽ ምስጋናው ለእሷ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ለነርስነት ትምህርትሽ ላፕቶፕ ልትገዢ ነው። ሻጩ ደግሞ የሦስት ዓመት ተጨማሪ ዋስትና ካልወሰድሽ ብሎ ይዞሻል። «አባዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሸጠው የኖርከው አንተ ነህ፤ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከሁለት ወር በፊት ብትጠይቂኝ ኖሮ መልሴ በአንድ ትንፋሽ ያልቅ ነበር። «ግዢ ልጄ፣ ሳይቃጠል በቅጠል» እልሽ ነበር። ይህችን አባባል ለስንት ሰው እንደሸጥኳት እግዜር ይቁጠረው። አሁን ግን መልሴ ረጅም ነውና ታገሺኝ።

የክርስትና እናትሽ ዛሬም ከልደት መዝገብ ቢሮው ፊት ለፊት፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ጠረጴዛዋን ዘርግታ ማመልከቻ ትተይባለች። ስሙ በስህተት የተመዘገበበት፣ የልደት ወረቀቱ የጠፋበት ሁሉ የሚሰለፈው እሷ ጋ ነው። ባለፈው ዓመት አሮጌው የጽሕፈት መኪናዋ ጣቶቿን ስላሳመማት፣ ላፕቶፕና አንዲት ትንሽ ማተሚያ ልትገዛ እኔ እሠራበት ወደነበረው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መጣች። ሸጥኩላት። ዋስትናውንም ሸጥኩላት።

ወረቀቱን ዘርግቼ እስክሪብቶ ስሰጣት መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ከተተችው። የአበልጅን ወረቀት ፊቱ ቁጭ ብሎ ማንበብ በእኛ ሰፈር ከስድብ እንደሚቆጠር አንቺም ታውቂያለሽ። አንቺን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አቅፋ ያስጠመቀች ሴት፣ እስቲ ምን ብለህ ጽፈሃል አትለኝም። ፈረመች። እኔ ወረቀቱ ምን እንደሚል አውቅ ነበር። ሱቁ ውስጥ የምንሠራ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በሜይ መጨረሻ አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ስምንት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ቆይቶ መብራት እዚህ እንዴት እንደሚመለስ አልረሳሽውም፤ ሰፈሩ በአንድ አፍ «መጣ!» ይልና ሁሉም ሶኬት ሊነቅል ይሮጣል። ሌኦካዲያ ኤሌክትሪክ የምትስበው ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት በገመድ ነው። በዚያች ደቂቃ የአንዲት ሴትዮ ማመልከቻ ላይ ማህተም ልታስመታ ቢሮው ውስጥ ገብታ ነበር። ስትመለስ ላፕቶፑ ጭስ ጭስ ይሸታል። ከዚያ በኋላ አልነሳም።

በማግስቱ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ሱቅ መጣች። ፊቷ ላይ ምንም ጭንቀት አልነበረም። ዋስትና አላት፤ ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ደግሞ አበልጇ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ግሬጎሪዮ ወረቀቱን አየና ወደ እኔ ገፋው። እርስዎ ይንገሯት አለኝ።

አሥራ አንደኛዋ መስመር፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ፣ ሲመለስም ሆነ ሲዋዥቅ የሚደርስ ጉዳት አይሸፈንም ትላለች። እስቲ አስቢው፤ ባራኦና ውስጥ ዕቃ የሚገድለው ሌላ ምን አለ? በረዶ ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያችን ላም ስሸጥ ኖርኩ።

መስመሯን አነበብኩላት። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

«ወረቀቱን መች አነበብኩት፣ አበልጄ» አለችኝ። «ያነበብኩት ያንተን ፊት ነው።»

ወረቀቱን አጥፋ ላስቲኩ ውስጥ መለሰችና ወጣች። እሑድ ለምሳ አልጠራችኝም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እሑድን ከሌኦካዲያ ቤት ሌላ በልቼ አላውቅም። ብቻዬን ጥሬ ሙዝ ቀቅዬ በሽንኩርት በላሁ። አፈርኩ ልጄ። በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁና ለመጀመሪያዎቹ ደንበኞች፣ ለአንድ ባልና ሚስት፣ ከመፈረማቸው በፊት አሥራ አንደኛዋን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ባልየው ታዲያ የሚሸፍነው ምኑን ነው ብሎ ጠየቀኝ። መብራት የማይጠፋበት አገር ከሄዱ ሳይጠቅምዎት አይቀርም አልኩት። እየሳቁ ላፕቶፑን ገዙ፣ ዋስትናውን ተዉት። ከእነሱ በኋላ ለመጣውም አነበብኩ፤ ለሚቀጥለውም። በዚያ ሳምንት ከእኔ እጅ አንድም ዋስትና አልተሸጠም።

ዓርብ ዕለት ግሬጎሪዮ ወደ ጓዳ ጠራኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሱም በላዩ የሚቆጣው ሰው አለ።

«ዶን ቴኦፊሎ፣ አይሽጡ አላልኩም፣ ይዋሹም አላልኩም» አለኝ። «ጮክ ብለው አያንብቡት ነው የምልዎት።»

«ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚያሳፍር ከሆነ ለምን ተጻፈ?» አልኩት።

ወይ ዝም ብዬ እንድሸጥ ወይ እንድሄድ፣ እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠኝ። ሰኞ አንዲት አስተማሪ ለልጇ ላፕቶፕ ልትገዛ መጣች። ግሬጎሪዮ ክርኔ ሥር ቆሟል። መነጽሬን ጠረግኩና አነበብኩላት፤ በር ላይ ያለው ዘበኛም እንዲሰማ አድርጌ። ከምሳ በፊት የስም ባጄን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። በጡረታ ወጣ የሚልሽ ሰው ቢኖር አትመኚው። አባረሩኝ፤ ቀና ብዬ ነው የምነግርሽ።

ጸጉር አስተካካዬ በስልሳ አንድ ዓመትህ የገዛ ጉሮሮህን ዘጋህ አለኝ። ይበለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰውን ስዘጋ ማንም ምንም አላለኝም ነበር። እንደገና ቢሆን እንደገና አነበዋለሁ፤ ልዩነቱ ያኔ ከመጀመሪያው ቀን እጀምር ነበር።

አትጨነቂ፣ ጦሜን አላድርም። ለሌኦካዲያም ሌላ ላፕቶፕ ተገኝቶላታል፤ እንዴት እንደተገኘ ታሪኩ ረጅም ነው። ስሰጣት አመሰግናለሁ ብቻ ብላ ተቀበለችኝ። ይህንንም ደብዳቤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ በገጽ ታስከፍለኛለች። እኔም እከፍላለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ አለቅስባታለሁ ብለሽ እንዳታስቢ፤ የሠራሁትን ሠርቻለሁ፣ የምትፈርደውም እሷ ናት። የእሑዱ ነገር ግን ይቆጨኛል።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልሽ። አንቺ ያለሽበት መብራት አይጠፋም ብለሽኛል። ታዲያ እዚያ ላፕቶፕ የሚገድለው ምንድን ነው? መውደቅ ነው? ሌባ ነው? ቡና መደፋት ነው? መጀመሪያ እሱን አጣሪ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀበይና የማይሸፍነውን ፈልጊ። ያ ገዳዩ ነገር እዚያ ውስጥ ከተጻፈ፣ ገንዘብሽን ያዢና ጥሩ ጫማ ግዢበት። ሻጩ ቢያጣድፍሽ ወንበር ስበሽ ተቀመጪ። ሰልፉ ከኋላሽ ቢያጉረመርም ያጉረምርም፤ የቴኦፊሎ ልጅ ነኝ በያቸው። ሻጩ ደግ ፊት ቢኖረውም አንብቢ። አባትሽን ከመሰለማ ሁለቴ አንብቢ።

የአልታግራሲያዋ እመቤታችን ከክፉ ሁሉ ትሸፍንሽ፤ የእሷ መሸፈን አሥራ አንደኛ መስመር የለውም። በትምህርትሽ ቀንተሽ፣ በጤና ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

እስከ ዛሬም ከዛሬም በኋላ የሚወድሽ
አባትሽ ቴኦፊሎ

ኒዩርካ ልጄ፤ ከዚህ በታች ያለው የእኔ የሌኦካዲያ ነው። ሳልተይበው በፊት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አነበብኩት፤ አባትሽን ፊቴ አስቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ። ላብ በላብ ሆኖ ጠበቀኝ። ሁሉም እውነት ነው፣ ከአንድ ነገር በቀር። ሞተሯ ጋራዥ አልገባችም። ዓሣ ነጋዴው ሲልቪኖ ሲነዳት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህን የምጽፍበት ላፕቶፕ በእሷ ሽያጭ ገንዘብ የተገዛ ነው። የማላውቅ ይመስለዋል፣ እኔም አልነግረውም። ቅያሜዬ ገና አልወጣልኝም፣ አልዋሽሽም። ግን ነገ እሑድ ነው፤ ሩዙንና ባቄላውን ለሁለት ሰው እሠራለሁ። በእግሩ ስለሚመጣ ምሳውን ትንሽ አዘገየዋለሁ።