በሣጥን የተፈለፈሉት የአሰቦት ኤሊዎች

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ ለአቶ ይልቃል፣ ደብረ ታቦር።

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚጠዘጥዝዎት ሕመም ዘንድሮስ ታገሠልዎት? ዓይንዎስ? መነጽሩን ያደርጉታል ወይስ እንደ ልማድዎ ኪስዎ ውስጥ ነው የሚውለው? እትዬ ባየችስ እንዴት ናት? ታናሼ ዓለምሸትስ ትምህርቷን በርትታ ይዛለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የእናንተ ናፍቆት ካልሆነ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። የአሰበ ተፈሪ አየር ተስማምቶኛል። ጉንጭሽ ሞላ እያሉኝ ነው።

የመጋቢት ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለችው አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ «ዝውውሩ ከተገኘ በኋላ ምን ያዘሽ?» ትላለች። በዚያ ጉልበት ሁለት ጊዜ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድረስ ተመላልሰው፣ ደጅ ጠንተው ወደ ደብረ ታቦር ያስገኙልኝን ዝውውር ልጅዎ አልመጣም ብላ መመለሷን ከሰው አፍ መስማትዎ እንዴት እንዳስከፋዎት አውቃለሁ። አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ዝም ያልኩት ግን ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ሳላውቅ ብነግርዎ ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን አልቋልና ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

እዚህ ፋጤ የምትባል ሴት አለች። አሰቦት ቆላው ላይ ከሰል እያከሰለች በየሁለት ሳምንቱ ወደ እኛ ገበያ ታመጣለች፤ እኔም ደንበኛዋ ነኝ። ኅዳር ስድስት ቀን አሸዋ የሞላ ሳፋ ይዛ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አሸዋው ውስጥ አሥራ አራት የኤሊ እንቁላሎች ነበሩ፤ ነጭ፣ ድቡልቡል፣ ልክ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚመስሉ። የሰፈሯ ሰዎች ኩሬ ሲቆፍሩ እናቲቱን ሳያዩ በዶማ መትተው ገድለዋት፣ ከሥሯ ጎጆዋ ተገኘ። ፋጤ እንቁላሎቹን እንደተቀመጡ ሳታገላብጥ አንስታ፣ በጭነት መኪናው ላይ መንገዱን ሙሉ ጭኗ ላይ ይዛ መጣች። «አንቺ እንሽላሊት በጠርሙስ ታስቀምጫለሽ ይላሉ» አለችኝ። «እነዚህን ግን በጠርሙስ እንዳታደርጊያቸው። እናታቸውን የገደልናት እኛ ነን፤ አስፈልፍያቸው።»

አባባ፣ እኔ የዶሮ እንኳ አስፈልፍዬ አላውቅም። ግን እሺ አልኳት። ቤተ ሙከራችን ሦስት ዓመት ሙሉ ተቆልፎ የኖረ ክፍል ነው፤ ቁልፉን ከርዕሰ መምህሩ ከጓድ ተሻለ ለምኜ የተቀበልኩት ገና መስከረም ላይ ነበር። ዕቃ የመጣበትን ትልቅ የእንጨት ሣጥን በአሮጌ ብርድ ልብስ ለበድኩት፤ አንድ ጥግ ላይ ባለ ሃያ አምስት ዋት አምፖል ሰቀልኩ፤ አየሩ እንዳይደርቅ ውሃ በጣሳ አስቀመጥኩ። ጽንሱ ከላይኛው ቅርፊት ጋር ስለሚጣበቅ ቢገለበጥ ይሞታልና፣ እያንዳንዱን እንቁላል አናቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ እርጥብ አሸዋ ላይ ደረደርኩ። ሙቀቱ ምን ያህል ይሁን የሚለውን ከመጽሐፍ አጣሁት። ስለዚህ ቅዳሜ ከፋጤ ጋር አሰቦት ወርጄ፣ እናቲቱ በቆፈረችው ጉድጓድ ጎን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሬ ቴርሞሜትር ቀበርኩ። ቀትር ላይ ሠላሳ ዲግሪ አነበብኩ። መጽሐፌ ያ ጉድጓድ ሆነ።

የመጀመሪያው ወር አልሆነልኝም። ሙቀት እንዳያመልጥ ብዬ ሣጥኑን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼው ነበር። አምፖሉ አጠገብ ሠላሳ ስድስት ሲያነብ፣ በወዲያኛው ጫፍ ሃያ አምስት ነው። ከክዳኑ ውሃ ይንጠባጠባል። ሦስት እንቁላሎች ሻጋታ ለበሱ፤ ቀጥሎም ሸተቱ። ጓድ ተሻለ አፍንጫቸውን ይዘው ገቡና «መምህርት፣ ይህን ክፍል የከፈትነው ለዚህ ሽታ አይደለም። እስከ ገና ካልተስተካከለ ሣጥኑ ይጣላል» አሉኝ። ደግሞ እውነታቸውን ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ፋጤ መጣች። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና «አፍነሻቸዋል» አለችኝ። «የከሰል ክምር ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ ቀዳዳ ካልተውሽለት እሳቱ ይሞታል። ሁለቱንም ቦርቅቀሽ ከከፈትሽው ደግሞ አመድ ታፍሻለሽ። እንቁላልስ አይተነፍስም?» አባባ፣ እንቁላል በቅርፊቱ በኩል እንደሚተነፍስ አራት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ! አፈርኩ። ወዲያው በአምፖሉ በኩል ከታች አራት፣ በተቃራኒው ግድግዳ ከላይ አራት፣ እርሳስ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አስበሳሁ። ሲሞቅ የምከፍታቸው፣ ሲበርድ በጥጥ የምወትፋቸው ሆኑ። ሽታው በሳምንቱ ጠፋ።

የሙቀቱ መበላለጥ ግን አልተስተካከለም። ገበያው ዳር ራዲዮ የሚጠግን በድሪ የሚባል ሰው አለ፤ ሣጥኑን ሊያይ ራሱ መጣ። እጁን አስገብቶ ጥግ ጥጉን ዳሰሰና «ሙቀት ሰነፍ ነው፤ ካልነዱት ከተቀመጠበት አይነሳም» አለኝ። ከሞተ ቴፕ ሪከርደር ሞተሩን ፈትቶ፣ ከቲማቲም ቆርቆሮ ክንፍ ቆርጦ ትንሽ ማራገቢያ ሠራልኝ። ነፋሱ እንቁላሎቹን በቀጥታ እንዳይመታቸውና እንዳያደርቃቸው ፊት ለፊቱ ካርቶን አቆምንለት። በማግሥቱ አራቱንም ማዕዘን ለካሁ፤ ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ ከግማሽ፣ ሃያ ዘጠኝ ከግማሽ። በድሪን ሮጬ ሄጄ ስነግረው ከጠረጴዛው ቀና እንኳ አላለም፤ «ረኮ ሂንቀቡ» አለኝ፣ በኦሮምኛ ችግር የለም ማለት ነው። ገና ሲደርስ ጓድ ተሻለ ገብተው አሸተቱና ሣጥኑን በቦታው ትተው ወጡ።

የዝውውሩ ወረቀት የመጣው የካቲት ላይ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ ሥራሽን አስረክበሽ ሂጂ ይላል። ጓድ ተሻለ እጄን ጨብጠው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽዎትም፤ የእርስዎን ፊት በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት። ከዚያ ቤተ ሙከራ ገባሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ቴርሞሜትሩን ከበው ስለ ግማሽ ዲግሪ ይከራከራሉ። በየክፍለ ጊዜው ተራ ገብተው እየለኩ ግድግዳ ላይ በለጠፍነው ወረቀት ይጽፋሉ። አንዷ ዞር አለችና «መምህርት፣ ዛሬ ደመና ስለሆነ የላይኛውን ሁለት ቀዳዳ ወተፍኩት፣ ልክ ነኝ?» አለችኝ። ልክ ነበረች።

እንቁላሉን ለሌላ ሰው ትተሽ አትመጪም ነበር ወይ ይሉኛል። እችል ነበር፤ በድሪም እኔ እጠብቃቸዋለሁ ብሎኛል። እንቁላሉ ብቻ ቢሆን እመጣ ነበር፣ አባባ። ነገር ግን ደብረ ታቦር ብመጣ የአቶ ይልቃል ልጅ ተብዬ እከበራለሁ። እዚህ ደግሞ «ዘርፈሽዋል ታውቃለች» ይሉኛል። ይህን ያገኘሁት በራሴ ነው፤ ገና ሳልጠግበው ጥዬው መሄድ አልቻልኩም። መጋቢት ላይ ጄኔሬተሩ ተበላሽቶ ከተማው ሁለት ቀን መብራት ሲያጣ፣ ማንንም ሳልጠይቅ የላይኛዎቹን ቀዳዳዎች ደፍኜ፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ እየሞላን በጨርቅ እየጠቀለልን በየጥጉ አስቀመጥን። ሙቀቱ ከሃያ ሰባት አልወረደም።

ሚያዝያ ሃያ አራት ቀን፣ በመቶ ስልሳ ስምንተኛው ቀን መሆኑ ነው፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አንዱ እንቁላል ተሰነጠቀ። ልጆቹ እንርዳው አሉኝ፤ ከለከልኩ፤ በራሱ ጊዜ ይውጣ አልኩ። አንድ ቀን ተኩል ፈጀበት። ከቀሩት አሥራ አንድ ውስጥ ዘጠኙ ወጡ፤ ሁለቱ ቀሩ። የአንዱ መጠን ከትልቅ የእጅ ሰዓት አይበልጥም፤ ጀርባው ላይ ያለው ቢጫና ጥቁር ግን ሰው የሳለው ነው የሚመስለው። ጓድ ተሻለ ባለቤታቸውን ይዘው መጡና «እኛ ያስፈለፈልናቸው ናቸው» ብለው አሳዩዋቸው። «እኛ» ማለታቸው ደስ አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከፋጤ ጋር ይዘናቸው አሰቦት ወረድን። ከአንድ ግራር ሥር፣ ከኩሬው ራቅ ብለን ለቀቅናቸው። ፋጤ እጇን ዘርግታ ዱአ አደረገች፤ እኔም በበኩሌ አማተብኩ። በየአቅጣጫው ሄዱ። ፋጤ ሳር ውስጥ እስኪጠፉ ድረስ ቆማ አየቻቸውና፣ እንባዋን በሻሿ ጠርጋ «አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» አለችኝ።

እንግዲህ የያዘኝ ይህ ነው። ዓለምሸት እንደጻፈችልኝ፣ ትመጣለች ብለው ሲጠብቁኝ የጓሮውን ክፍል በኖራ አስቀብተው፣ አልጋ አስገብተው፣ እስከ ዛሬ ቆልፈው ይዘውታል አሉ። ይህን ሳነብ ነው ያለቀስኩት። አባባ፣ እባክዎ በሩን ይክፈቱትና ክፍሉን ለዓለምሸት ይስጧት፤ የዘንድሮ ፈተናዋን በሰፊ ቦታ ታጥናበት። እኔ ሐምሌ ላይ እመጣለሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ እንደ ድሮው እርስዎ ከሚተኙበት ክፍል መሬት ላይ አንጥፌ እተኛለሁ። ቁጣዎትንም ያኔ በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

እትዬ ባየችን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ኤሊ ቤት ውስጥ ከገባ ዕድል ያርቃል የምትለውን እኔ ዘንድ አላየሁትም በሏት። ዓለምሸትን በርቺ በሉልኝ፤ የሥነ ሕይወት ማስታወሻዬን በሰው እልክላታለሁ። ጎረቤታችንን አቶ ኃይለየሱስን ከነቤተሰባቸው እጅ ነሥቻለሁ በሉልኝ። ለእርስዎ ደግሞ ጉልበትዎን ስሜ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ ብዬ እሰናበታለሁ።

ልጅዎ ዘርፈሽዋል ይልቃል
አሰበ ተፈሪ፣ ግንቦት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.