ከቺፕ ፋብሪካው ሽርክና ስላገኘነው ጥቅም

ይድረስ ለተከበሩ የቺፕ ፋብሪካው ሽርክና የቦርድ ሰብሳቢ፤

ጤናዎና እንቅልፍዎ እንደ ንግግርዎ ያማረ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እኛ ባለአክሲዮኖችዎ ከደም ግፊቱ በቀር ደህና ነን።

እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ሰፈራችን ድረስ መጥተው፣ የስልክና የኮምፒውተር አንጎል የሆነችውን ቺፕ ከውጭ ሸሪክ ጋር እዚሁ እንደምናመርት ሲያስረዱ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን እንዳልጥል ለምናኝ ነበር። እኔ ግን እርስዎን አምኜ ሱቄን ሸጬ አክሲዮን ገዛሁ። እነሆ ጥቅሙን መዝኜ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ሽርክና ስጋትን ያካፍላል ብለውን ነበር። ሸሪካችን አምና ማሽኖቹን አሽጎ ሲሄድ ስጋቱን አንድም ሳያስቀር አካፍሎናልና እናመሰግናለን።

2ኛ. ዕውቀት ይሸጋገራል ብለው ነበር፤ ተሸጋግሯል። ልጄ መምህርነቷን ለቅቃ ስምንት ወር ሠልጥና፣ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ነጭ ለብሳ፣ ቺፕ አቧራ አይወድምና አቧራ ሳታስነሳ መራመድን ተምራለች። ዛሬ ቤት ውስጥ ስትሄድ ኮቴዋ አይሰማም። ከክፍሏም እምብዛም ስለማትወጣ፣ እናቷ በሩን ገርበብ አድርጋ መተንፈሷን ታያለች።

3ኛ. በጠቅላላ ጉባኤው ይህችው ልጄ እጇን አውጥታ፣ «ማሽኖቹ ይመለሳሉ ወይስ ሌላ ሥራ እንፈልግ?» ብላ ጠይቃዎት ነበር። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «ኢንቨስተር ታጋሽ ነው፣ የኔ ልጅ» አሏት። እሷም ቃልዎን አምና፣ ልትመለስበት የነበረውን የማስተማር ሥራ ለሌላ ለቀቀች። እርስዎ በዚያው ሳምንት የራስዎን ድርሻ ሸጠው እንደወጡ የሰማነው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የእውነት ልጅዎ ብትሆን ኖሮ በጆሮዋ ሹክ ይሏት እንደነበር አልጠራጠርም።

እኔ አሁን ከቀድሞ ሱቄ ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ፣ በትንሽ ጠረጴዛ እሠራለሁ። ሱቁን የገዛኝ ሰው ከውጭ የመጣ ስልክ ይሸጥበታል። ሰዓቱን ከስልኩ የሚያየው ሕዝብ ወደኔ ጠረጴዛ እምብዛም አይመጣም።

መልስ እንዲጽፉልኝ በመጠየቅ ውድ ጊዜዎን የማላባክን፣ ገዢ የሌለው አክሲዮን ባለቤት፣

አክባሪዎ ሰዓት ጠጋኙ

ማሳሰቢያ፦ ለአዲሱ የባትሪ ፋብሪካ ሽርክናዎ ምዝገባ መጀመርዎን ሰማሁ። ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን እንድትተወው ብመክራት «ቀንተህ ነው» አለችኝ። ትናንት የስፌት መኪናዋን ሸጣለች። ነገ ስትመጣ ወንበር ይስጧት፤ ወገቧን ያማታል።