ስማቸው የታጠበ ችግኞች

ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እማዬ መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትራስ ሥር ትደብቃለች? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ እንቅልፍ ግን ከከዳኝ ሰነበተ።

ዕድሜህን በችግኝ ጣቢያ ስለፈጀህ ነገሬ ይገባሃል። ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው ክሎሮፕላስት በሚባሉ በውስጡ ባሉ ደቃቅ ክፍሎች ነው። እዚያ ምን እንደሚሠራ ትእዛዝ የሚያደርሰው አር ኤን ኤ የሚባል መልእክት ነው፤ መልእክቱን ይዘው የሚጠብቁ ፕሮቲኖች አሉ። እኛ በቤተ ሙከራችን የምናጠናው አንዱ ፕሮቲን ከሌለ፣ ብርድ ሲመጣ መልእክቱ ሳይነበብ እንደተቀደደ ደብዳቤ ይሆናል፤ አዲሱ ቅጠልም ነጥቶ ይወጣል። በሙቀት ግን ፕሮቲኑ ያለውና የሌለው ችግኝ አይለይም።

ጉዴን ስማ። ፕሮቲኑ ያላቸውን አሥራ ሁለት፣ የሌላቸውን አሥራ ሁለት ችግኞች ብርድ ክፍል ላስገባ ስል ጣሳዎቹ ጭቃ ነክቷቸው አየሁና አጠብኳቸው። የጻፍኩት ምልክት አብሮ ታጠበ። አንተ አንዱን ምልክት ከላይ፣ ሌላውን ከአፈሩ ሥር ስትቀብር «የሽማግሌ ጥርጣሬ» እያልኩ እስቅብህ ነበር።

ፈርቼ ዝም ብዬ አስገባኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት አሥራ ሁለቱ ነጡ። መነጽሬ የምንለው የሥራ ባልደረባዬ፣ ነጩ ላይ «የሌለው» ብለሽ ጻፊ፣ ማን ያውቅብሻል አለኝ። እጄ እስክሪብቶ አንስቶ ነበር፣ አባዬ። ግን በንጣቱ ከለየኋቸው፣ ፕሮቲኑ ሲጎድል ቅጠል ይነጣል ብዬ በምን አፌ እናገራለሁ? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ትል የለ፤ ትናንት ለአለቃዬ ለዶክተሯ ተናገርኩ።

የየችግኙ ቅጠል ተቆርጦ፣ ቀለሙን ያላየ ሰው ዘረ መሉን ይመርምር አለች። ውጤቱ ከንጣቱ ጋር ካልገጠመ የስድስት ወር ልፋት ገደል ገባ፤ በዚህ ወር የሚያበቃው ውሌም አይታደስም። ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው የምጽፍልህ።

እማዬን ሳምልኝ፤ ይህን ግን አትንገራት። እህቴን ለፈተናዋ በርቺ በላት። አጎቴን ጥርሱን ይነቀል፣ ፍርሃቱ ይብቃው በለው። ዶክተሯ ጠራችኝ፣ መጣሁ።

ተመለስኩ። ሃያ አራቱም ገጠሙ፤ ውሌም ይታደሳል፤ ቢሆንም ከዘሩ ጀምረሽ ድገሚው ብላኛለች። ወዲያው ዘራሁ፤ በየጣሳው አንድ ምልክት ከላይ፣ አንድ ከአፈሩ ሥር። ዶክተሯ አይታ ይሄ የማን ዘዴ ነው ብትለኝ፣ የአባቴ ነው አልኳት።

ልጅህ
ከብርድ ክፍሉ በር አጠገብ፣ መጋቢት ፱